«የ1849 ኦሪጅናል የመንግሥት ቅየሳ ካርታ» ተብሎ የሚሸጥ የካሊፎርኒያ ካርታ፦ ምኑን አይቼ ልመን?

ሳክራሜንቶ_ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በካሊፎርኒያ የወርቅ ጥድፊያ ዘመን የተሠሩ የቅየሳ ካርታዎችን ማሰባሰብ ልጀምር ነው። (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አንድ ሻጭ «በ1849 የተሠራ ኦሪጅናል የመንግሥት ቅየሳ ካርታ» ብሎ 900 ዶላር እየጠየቀ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየኝን ልዘርዝር።

ወረቀቱ ስስ ነው፤ ብዙ ቦታ ታጥፏል። በግራ ጠርዙ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባ ቅድ አለ። ሸለቆው በትንንሽ አራት ማዕዘን ተሸንሽኗል፤ ተራራማው አካባቢ ግን ባዶ ነጭ ነው። ከካውንቲዎቹ ስም ኤልዶራዶ፣ ፕሌሰርና አማዶር ይነበባሉ። ሞኖ ወይም አልፓይን የሚል አላየሁም። የካውንቲዎቹ ወሰን በሮዝ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ተቀብቷል። ርእሱ ያለበት ጥግ ፎቶው ላይ ደብዝዟል።

የ1849 ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ዋናውን ከቅጂ በምን ልለየው? ከገዛሁት ደግሞ እጥፋቱንና ቅዱን ምን ላድርገው?

ሰንሰለት66

ወንድሜ፣ 1849 የሚለውን ተወው፤ ካርታው ራሱ ይክደዋል።

ሸለቆውን የሸነሸነው አራት ማዕዘን የፌዴራሉ የመሬት ቅየሳ ታውንሺፕ ነው፤ ጎንና ጎኑ 6 ማይል፣ በውስጡ 36 ሴክሽን፣ እያንዳንዱ ሴክሽን 640 ኤከር። ይህ ቅየሳ በካሊፎርኒያ መነሻ ነጥብ ያገኘው በ1851 ሊያንደር ራንሰም የዲያብሎ ተራራ ጫፍ ላይ ሲተክለው ነው። ከዚያ በፊት አራት ማዕዘን ልሣል የሚል ሰው ከየት ተነስቶ ይለካል? ስለዚህ ሽንሽኑ ብቻውን ካርታውን ከ1851 ወዲህ ያመጣዋል።

ቀጥሎ ካውንቲዎቹን ጠይቅ። በፌብሩዋሪ 1850 የተቋቋሙት 27 ነበሩ፤ ኤልዶራዶ ከእነሱ አንዱ ነው። ፕሌሰር የመጣው በ1851፣ አማዶር በ1854፣ ሞኖ በ1861፣ አልፓይን በ1864 ነው። አማዶር ካለ ከ1854 በፊት ሊሆን አይችልም። የሞኖና የአልፓይን አለመኖር ደግሞ ወደ 1861 ከፍ ብሎ እንዳይሄድ ይጠቁማል። «ይጠቁማል» ያልኩት በምክንያት ነው፦ ካርታ ላይ ያለ ነገር እርግጠኛ ምስክር ነው፣ የሌለ ነገር ግን ደካማ ምስክር ነው። አታሚዎች ካርታው የተሣለበትን የቆየ የማተሚያ ድንጋይ ሳያድሱ ደጋግመው ያትሙበት ነበር። በሐይቅ ስም መታመንም እንዲሁ ያሳስታል። ታሆ በ1850ዎቹ አጋማሽ «ቢግለር» ይባል ጀመር፤ «ታሆ» የሚለው ከ1862 ወዲህ ቢመጣም የግዛቱ ምክር ቤት በ1870 ቢግለርን በሕግ አጽድቆታል። ስለዚህ «ቢግለር» ያየህበት ካርታ የግድ የ1850ዎቹ ነው ማለት አይደለም።

ነጩ ቦታ የካርታው ትልቁ ወሬ እሱ ነው፤ ወርቁ ያለው እዚያ ነው። በማርች 3 ቀን 1853 የወጣው የካሊፎርኒያ የመሬት ቅየሳ ሕግ ማዕድን ባለበት መሬት ላይ ከታውንሺፕ መስመር በቀር ሌላ ሽንሸና እንዳይደረግ ከለከለ። ቀያሾቹ ጠፍጣፋውን የእርሻ ሸለቆ እየሸነሸኑ ሄደው ወርቁ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አዲስ ሰብሳቢ ዘወትር የሚስተው ይህንን ነው፤ «የ1850 የኮሎማ ፕላት» (ፕላት የአንድ ታውንሺፕ የቅየሳ ንድፍ ነው፣ ኮሎማ ደግሞ ወርቁ መጀመሪያ የተገኘበት ቦታ) ፍለጋ ወራት ያጠፋል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን የለም። የወርቁ ወረዳዎች ፕላት በብዛት የሚገኘው የማዕድን ሕጎቹ (1866፣ 1870፣ 1872) መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው።

በግምቴ ያየኸው የፌዴራሉ የመሬት ቢሮ ኮሚሽነር በየዓመቱ ለኮንግረስ ከሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ ታጥፎ ከተጠረዘ ካርታ አንዱ ነው። የግራ ጠርዙ ቅድ የመጣው ከጥራዙ ጋር ከተሰፋበት ቦታ ነው፤ መጽሐፉ ተከፍቶ ካርታው በተዘረጋ ቁጥር እዚያው ይቀደዳል። በእያንዳንዱ ዓመት እትም ሽንሽኑ እየሰፋ ስለሚሄድ የኮንግረስ ላይብረሪና የዴቪድ ራምዚ ስብስብ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ከ1854 እስከ 1861 ያሉ እትሞች ጎን ለጎን ከፍተህ የሽንሽኑን ዳር ብታወዳድር ዓመቱን በትክክል ታገኘዋለህ።

የእውነት የ1848–1850 ቅየሳ ከፈለግህ መፈለግ ያለብህ የጦር መኮንኖችን ሥራ ነው። ሌተናንት ኦርድ ጁላይ 25 ቀን 1848 የሚል ቀን የጻፈበት የወርቅና የባዝቃ ወረዳ ንድፍ አለ፤ ጄምስ ማርሻል ኮሎማ ላይ ወርቅ ካገኘ (ጃንዋሪ 24) ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ ማለት ነው። እሱ የወጣው በ30ኛው ኮንግረስ 2ኛ ስብሰባ ከፕሬዚደንት ፖልክ የዲሴምበር 1848 መልእክት ጋር ነው። ሌተናንት ደርቢ የጄኔራል ራይሊን የ1849 የወርቅ ወረዳ ጉዞ የነደፈበት ደግሞ በ31ኛው ኮንግረስ 1ኛ ስብሰባ፣ በሴኔት ሰነድ 47፣ ከታይሰን የጂኦሎጂ ሪፖርት ጋር ታትሟል። ሁለቱም ስስ ወረቀት ላይ የወጡ ጥቁር ሊቶግራፍ (የድንጋይ ሕትመት) ናቸው፤ ሲያዩአቸው አያምሩም፣ በዚያ ላይ ውድ ናቸው። ከዚያ ሰፋ ካልክ የፍሬሞንትና የፕሮይስ የ1848 ካርታ አለ፤ በልኬት 1፡3,000,000 ባልቲሞር የታተመ፣ የወርቁን አገር «ኤልዶራዶ» ብሎ የጻፈ። የጃክሰን የማዕድን ወረዳ ካርታ (ኒው ዮርክ፣ 1850) ግን የኪስ ካርታ ስለሆነ ሽፋኑና አብሮት የሚሄደው ትንሽ ጽሑፍ ከሌለ ግማሽ ዕቃ ነው።

ሊቶ_ዓይን

ሰንሰለት66 ዓመቱን ጨርሶታል። እኔ ዋና ወይስ ቅጂ በሚለው ላይ ልጨምር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ካርታ ላይ ደግሞ ጥርጣሬው በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ይጀምራል።

ከፊደሎቹ አንዱን በመነጽሩ ተመልከት። ሊቶግራፍ ከሆነ ጥቁሩ ድፍን ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ሻካራ ነው። ፊደሉ በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከ1880ዎቹ ወዲህ የመጣ የፎቶ ሕትመት ነው። ቀጥሎ ምንም ያልታተመበትን ባዶ ወረቀት ተመልከት፤ ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። የወረቀቱ ቡናማነት ራሱ ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ከፕሪንተር የወጣ ቅጂ ነው። አሮጌ ወረቀት የሚቡነው በነጠብጣብ አይደለም።

ከዚያ ገልብጠህ ጀርባውን እይ። በእጥፋቱ ላይ ፊት ለፊት ቡናማ መስመር ካለ ከጀርባው በትክክል በዚያው ቦታ መኖር አለበት። የእርጥበት ዕድፍም እንዲሁ ዘልቆ መታየት አለበት። ፊቱ የቆሸሸ፣ ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ዕድፉ አብሮ የታተመ ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ታጥፎ የኖረ ካርታ በትይዩው ገጽ ላይ ደብዛዛ ጥላውን መጣሉም የተለመደ ነው፤ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዝ አድርገህ ብታጋድለው ይታያል።

«የሰሌዳ ምልክት ስለሌለው ቅጂ ነው» የሚልህን አትስማ። በጠርዙ ዙሪያ ወረቀቱን ሰርጎድ የሚያደርገው ምልክት የመዳብ ሰሌዳ ሕትመት ላይ የሚመጣ ነው። ሊቶግራፍ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሚታተም አይኖረውም። በእጅህ ያለ የባሕር ዳርቻ ካርታ ካለ ግን ከመዳብ ሊሆን ስለሚችል ምልክቱን እዚያ ላይ ፈልገው።

በ365 ናኖ ሜትር የአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ብታየው ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ማንጪያ ኬሚካል አለበት፤ ያ ከ1950 ገደማ ወዲህ የመጣ ነገር ነው። ነገር ግን የሚያበራው ካርታው ነው ወይስ ከጀርባ የተለጠፈበት ኋለኛ ወረቀት? ሁለቱን ለይ።

የቀለሙ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ከእነዚህ የሪፖርት ካርታዎች ብዙዎቹ ጥቁር ብቻ ሆነው የወጡ ናቸው። ሻጮች ገዢ እንዲስብ ቆየት ብለው ይቀቧቸዋል። መለያው እጥፋቱ ላይ ነው። ከመታጠፉ በፊት የተቀባ ቀለም ወረቀቱ በተሰነጠቀበት ቦታ አብሮ ተሰንጥቆ ይነጣል። ከተሰነጠቀ በኋላ የተቀባ ከሆነ ቀለሙ በተበጣጠሱት ክሮች ውስጥ ሰርጎ ስንጥቁ ላይ ይጠቁራል። አረንጓዴውን ደግሞ ከጀርባ እይ፤ ከመዳብ የሚሠራው የድሮ አረንጓዴ ወረቀቱን በልቶ በጀርባ በኩል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ጀርባው ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አዲስ ነው አያሰኝም፣ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ ግን ለቆየ ቀለም ጥሩ ምልክት ነው።

በመጨረሻ የካርታውን ውስጣዊ መስመር (ሥዕሉን የከበበውን ፍሬም) ከአራቱም ጎን በሚሊ ሜትር ለካና የላይብረሪ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አወዳድር። ወረቀት ስለሚኮማተር የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ቅጂ ነው ብለህ ጠርጥር።

ፎልሶም_መንገድ

እጥፋቱን በተመለከተ ብዙ አትጨነቅ፤ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መሐል አድርገህ በለዘበ ካውያ ብትተኩሰው ይዘረጋል። ቅዱን በጀርባው ግልጽ ስኮች ለጥፍበት፣ አይታይም።

ጋሽ_ብራና

ፎልሶም፣ ተው ልጄ። ካውያ የደረቀ እጥፋት ላይ ሲያርፍ ክሩን ይሰብረዋል፤ ዛሬ ተዘረጋ ያልከው መስመር ነገ በመስመሩ ተከትሎ ይለያል። ስኮቹም ለጊዜው አይታይም እንጂ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ፕላስቲኩ ሲወልቅ ዕድፉ ይቀራል፣ እሱን ለማስለቀቅ ደግሞ ባለሙያና ኬሚካል ያስፈልጋል። ላሚኔት የሚባለውን፣ በፕላስቲክ አጣብቆ መለበጡን፣ ደግሞ አታንሱት።

አሁን ጠያቂው፣ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ቀለሙንና ማህተም ካለም የማህተሙን ቀለም ፈትን፤ በውሃ የረጠበ የጥጥ ጫፍ አንድ የማይታይ ጥግ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ አሳርፍ። ጥጡ ቀለም ከያዘ እርጥበት የሚባል ነገር አታስጠጋው፣ ወደ ባለሙያ ውሰደው።

ካልለቀቀ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን አግኝ። ከታች ረጥቦ የተጨመቀ መምጠጫ ወረቀት አንጥፍ። በላዩ የፕላስቲክ ፍርግርግ አስቀምጥ፣ ወረቀቱ እርጥቡን እንዳይነካ። ፍርግርጉ ላይ ያልተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ፣ በሱ ላይ ካርታውን በእጥፋቱ እንዳለ አሳርፈህ ክደን። በየ30 ደቂቃው እየከፈትክ እይ። ስስ ወረቀት አንድ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፣ ወፍራሙ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። መድረሱን የምታውቀው እጥፋቱ ሳትጎትተው በራሱ ሲለቅ ነው። አሁንም እየተቃወመ ከሆነ ክዳኑን መልሰው። አዳሩን ትተኸው እንዳትሄድ፣ ሻጋታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ ካርታው ላይ እንዳይወድቅም ክዳኑን ከውስጥ በደረቅ መምጠጫ ወረቀት ሸፍነው።

ከወጣ በኋላ በሁለት የፖሊስተር ጨርቅ መሐል፣ ከዚያ በሁለት ደረቅ መምጠጫ ወረቀት መሐል አድርገህ በሰሌዳ ተጫነው፤ ክብደቱ በመላው ገጽ እኩል ይረፍ። መምጠጫውን ከ30 ደቂቃ በኋላ አንዴ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀይር። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተወው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲነካው ደረቅ ስለሚመስለው በሁለተኛው ቀን ያወጣዋል፣ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ እንደ ማዕበል ይነሳል።

ቅዱን ስንጠግን የምንጠቀመው የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫ ነው። ስታርች አልኩ እንጂ ዱቄት አላልኩም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ይቢጫል፣ ነፍሳትም ይስባል። ለስስ ካርታ በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ግራም የሚመዝን የጃፓን ወረቀት ይበቃል። በመቀስ አትቁረጠው፤ በእርጥብ ብሩሽ መስመር ስበህ በእጅ ቅደደው፣ ጠርዙ ላይ ረጃጅም ክሮች ይቀሩና ከካርታው ጋር ተዋህደው ይይዛሉ። ስፋቱ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሙጫው እንደ እርጎ ቀጠን ያለ፣ በስሱ የተቀባ። ከጀርባ ለጥፈህ በፖሊስተር ጨርቅና በመምጠጫ ሸፍነህ ከላይ ክብደት አድርግበት። ሁለት እጥፋት የሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ ላይ ጉድጓድ ካለ አንድ ትንሽ ክብ ቁራጭ ከጀርባ ይበቃል፣ በመላው እጥፋት ላይ አታስሩጠው፤ ጥገናው ከወረቀቱ ከጠነከረ ቀጣዩ ቅድ ከጥገናው ጎን ይጀምራል።

ማስቀመጫው አሲድ የሌለው አቃፊ፣ ጠፍጣፋ መሳቢያ፣ የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ። በፖሊስተር ፊልም መሐል ማሸግ ለንክኪ ጥሩ ነው፤ ግን አሲዱ ያልተነሳለትን ወረቀት አራቱንም ጎን ዘግተህ አትሸገው፣ ከሚያወጣው አሲድ ጋር ተዘግቶ ቶሎ ያረጃል። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለግህ መብራቱን ከ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ) አታሳልፍ። ከሁሉ የሚሻለው ቅጂውን ሰቅሎ ዋናውን መሳቢያ ውስጥ መተው ነው።

ሳክራሜንቶ_ዳር

ጋሽ ብራና፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርታውን በእጄ ይዤ አየሁት። ፊደሉ ድፍን ጥቁር ነው፣ ባዶው ወረቀት ላይ ነጠብጣብ የለም፣ የእጥፋቱ ቡናማ መስመር ከጀርባ በትክክል ይታያል። አልትራቫዮሌት ላይ አላበራም። ሮዙና ቢጫው ግን ሊቶ_ዓይን እንዳለው ስንጥቁ ላይ ጠቁሯል። ርእሱ የካሊፎርኒያ የመንግሥት ቅየሳዎች ካርታ፣ ከጠቅላይ ቀያሹ ሪፖርት ጋር የሚያያዝ ይላል። ሻጩ ይህን ሲሰማ ወደ 300 ወርዷል። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፦ ከታች በቀኝ ጥግ ክብ የላይብረሪ ማህተም አለ፣ «የተወገደ» የሚል ነገር ግን የለበትም።

ሊቶ_ዓይን

ካርታው እውነተኛ፣ ቀለሙ አዲስ። 300ም ላይ ቢሆን ያለ ቀለም የተሸጠውን ተመሳሳይ እትም የጨረታ ውጤት ሳታይ አትክፈል፤ ቀለም ያልነካው ይመረጣል።

ማህተሙን በተመለከተ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ላይብረሪውን በጽሑፍ ጠይቅ። ላይብረሪዎች የድሮ የኮንግረስ ሰነድ ጥራዞችን በሕጋዊ መንገድ አስወግደዋል፣ ያኔ ግን በአብዛኛው «የተወገደ» የሚል ሁለተኛ ማህተም ያርፍበታል። ሁለተኛ ማህተም ከሌለ ሻጩ ከየት እንዳገኘው ወረቀት ያቅርብ። በ2005 ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ምላጭ ጥሎ የተያዘ አንድ የካርታ ነጋዴ ከተለያዩ ላይብረሪዎች 97 ካርታ መስረቁን አምኗል፤ ካርታዎቹን በንጹሕ ልብ የገዙ ሰዎች መመለስ ነበረባቸው። በግራ ጠርዙ ያለውን ቅድ በመነጽር እይልኝ፦ የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ላይ ክር ይኖረዋል፣ በምላጭ የተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይጸዳል።

በእጅ የተሣለ፣ የቀያሹ ፊርማ ያለበት «ዋና የታውንሺፕ ፕላት» ቢያቀርብልህ ደግሞ ጭራሽ አትንካው። ፕላት በሦስት ቅጂ ነበር የሚዘጋጀው፦ አንዱ ለዋሽንግተን፣ አንዱ ለጠቅላይ ቀያሹ፣ አንዱ ለአካባቢው የመሬት ቢሮ። ሦስቱም የመንግሥት ንብረት ናቸው።

ሰንሰለት66

ሊቶ እንዳለው ፕላቱን አትግዛ፣ በነጻ አውርደው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የድሮ መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ፕላቱም የቀያሹ የመስክ ማስታወሻም አለ። ሲጠይቅህ ግዛቱን ካሊፎርኒያ፣ ሜሪዲያኑን (ቅየሳው የሚነሳበትን የሰሜን ደቡብ መስመር) ዲያብሎ ተራራ ብለህ የረድፍ ቁጥር ታስገባለህ፤ ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ የሚቆጠረው ታውንሺፕ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚቆጠረው ሬንጅ ይባላል። ቁጥሩን ከዲያብሎ ጫፍ ተነስተህ ራስህ ማስላት ትችላለህ። ኮሎማን ውሰድ፦ ከጫፉ ወደ ሰሜን 63 ማይል ገደማ ነው። አሥር ታውንሺፕ 60 ማይል ይሸፍናል፣ ስለዚህ ኮሎማ 11ኛው ውስጥ ነው። ወደ ምሥራቅ 55 ማይል ገደማ፤ ዘጠኙ 54 ይሸፍናል፣ 10ኛው ውስጥ ወደቀ። «ታውንሺፕ 11 ሰሜን፣ ሬንጅ 10 ምሥራቅ» ብለህ ፈልግ።

ፕላቱ ላይ ርቀት ሁሉ የሚጻፈው በሰንሰለት ነው፤ አንድ ሰንሰለት 66 ጫማ፣ 80ው አንድ ማይል። የተለመደው ልኬት 40 ሰንሰለት በአንድ ኢንች ነው፣ 1፡31,680 ማለት ነው። አትመህ ስታወጣው ፕሪንተሩ «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ካልዘጋህበት ልኬቱ ይበላሻል፤ አንዱ ሴክሽን በማስመሪያ ሁለት ኢንች መሆኑን ለካው። ከዚያ አንተ የምትገዛውን ካርታ ጎኑ አስቀምጥና ነጩ ቦታ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ፕላቱ ላይ ታነበዋለህ።